የሽኝት በሬ

በሬው ለእሱ ክብር እንደሚታረድ ዶክተር አዱኛ የሰማው ፊቱን ታጥቦ ሳይጨርስ ነው። ከጎጆው ጀርባ ሲያገሳ ሰምቶ ሳሙናው ፊቱ ላይ እንዳለ ብቅ ቢል፣ አንድ ቀይ በሬ ከግንድ ጋር ጥርቅም ተደርጎ ታስሯል። አጠገቡ ዘሊካ ቆማለች። ዘሊካ ከወሎ ከመጡት ሠፋሪዎች አንዷ ናት፤ ባሏን በሚያዝያ ወባ ወስዶባታል። አታለቅስም፤ አትሳደብም፤ እጇን የበሬው ጀርባ ላይ አሳርፋለች።

"የማን በሬ ነው፣ ዘሊካ?"

"የመንደራችን ነው፣ ጌታው። ላንቱ ነው አሉን።"

"ለእኔ? ምን ላደርገው?"

"እሁድ ለሽኝትዎ ይታረዳል ብለው አሁን ከቀንበር ፈተው አመጡት። ነገ የማረስ ተራው የኔ ነበር። የሟች ወንድም ሊያርስልኝ ነበር። ያልዘራ የእርዳታ ስንዴ አይሰፈርለትም ብለውናል፤ አንድ በሬ ደግሞ ብቻውን አያርስ። ወላሂ አንቱን ልወቅስ አይደለም የመጣሁ። በሬውን ልሰናበተው ብዬ ነው።"

ሳሙናው ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ያቃጥለው ጀመር።

አዱኛ የአንድ እርሻ ኮሌጅ ዲን ነው። ከሽንፋ ወዲህ ወዳለው ወደዚህ ሠፈራ ጣቢያ የመጣው ተማሪዎቹን እየመራ ጎጆ ሊሠራ ነበር። የመጀመሪያው ምሰሶ ሳይተከል፣ አፈሩ ዋልካ ነው፣ ክረምት ሲገባ ውሃ ይተኛበታል፣ ወባው ሰው ይፈጃል ብሎ ለበላዮቹ ተናገረ። "ሐሳብህን ተቀብለናል" አሉትና በማግስቱ በካሚዮን ሰው ማራገፍ ጀመሩ። ተማሪዎቹ በትኩሳት መውደቅ ሲጀምሩ ዲንነቱን ልልቀቅ አለ። በዚያ ዘመን ልልቀቅ ማለት ማኩረፍ ነው፤ ማኩረፍ ደግሞ አድኃሪነት። ስለዚህ ተስማሙ፦ በጤና ምክንያት ይለቃል፤ ደማቅ ሽኝት ይደረግለታል፤ ከጎንደር በሚመጡት ባለሥልጣኖች ፊት አመስግኖ ይወርዳል። በምላሹ አዲስ አበባ ያለው ቤቱም የማስተማር ሥራውም አይነኩበትም። እሺ አለ። ተማሪዎቹ ተመልሰው እሱ ለሽኝቱ ሲቀር፣ ያቺ እሺታ ምላሱ ላይ እንደመረረችው ከረመች።

ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ ወደ ጓድ ቸሩ ሄደ። ቸሩ የጣቢያው ካድሬ ነው። የሣር ዳሱ ሥር ተቀምጦ፣ ለሕፃናት የመጣውን የዱቄት ወተት ሻዩ ውስጥ ያማስላል።

"ጓድ ቸሩ፣ በሬውን መልስላቸው። ለእኔ ፍየልም ይበዛል።"

"ኧረ ዶክተር! ከጎንደር ያ ሁሉ ጓድ እየመጣ በፍየል? ሊያሰድቡኝ ነው? በሬ እንደሆነ ሌላ ይመጣል።"

"መቼ?"

"ይመጣል አልኩ እኮ!" አለና ማንኪያውን ላሰ።

"የምን ሽኝት ነው! አልፈልግም!" የሚለው ቃል አዱኛ አፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠው። እንደ ልማዱ ብልጠት ፍለጋ ሄደ። የተማረ ሰው ክፉ አመሉ ይኸው ነው፤ በቀጥታ እምቢ ከሚል ዙሪያውን ቢዞር ይቀለዋል።

"መልካም፣ ይታረድ" አለ። "ግን ቢላዋውን ሼህ ሷሊህ ይያዙ። የሚበዛው ሠፋሪ እስላም ነው፤ እኔም ከእነሱ ጋር እበላለሁ። አንተስ ትናንት ስብሰባ ላይ፣ የእስላም ሥጋ የክርስቲያን ሥጋ ማለት ኋላቀርነት ነው ብለህ የለ?"

የቸሩ ማንኪያ ቀጥ አለ። ይኼ ስብሰባ ላይ በቆመ ቁጥር በቄስና በሼህ የሚያላግጠው ቸሩ፣ ካኪው ኮሌታ ሥር ማተቡን እንደሸሸገ ነው። እስላም የባረከውን ሥጋ ቢገድሉት አይቀምስም፤ እንግዶቹም ያው ናቸው። ግን በየትኛው አፉ ይናገረዋል?

"ይታሰብበታል" አለ ቸሩ ፊቱን አጨፍግጎ።

አዱኛ እየተፍለቀለቀ ተመለሰ። ዘሊካንም፣ "አይዞሽ፣ ዛሬውኑ ይዘሽው ትሄጃለሽ" አላት። እንዲህ በራሱ ከተደሰተ ስንት ጊዜው ነበር!

ፀሐይዋ አናት ሳትደርስ ሌላ በሬ አገሳ። ሁለት ሚሊሺያዎች የቀዩን ጓደኛ፣ ጥቁሩን በሬ፣ አንዱ ከፊት እየጎተተ አንዱ ከኋላ በዱላ እየነዳ አመጡት። የመንደሩ ጥማድ ያ ነው፤ ሌላ የለውም። ከኋላቸው ቸሩ ፊቱ በርቶ ይከተላል።

"ዶክተር፣ ምክርዎን ተቀብለናል! ጥቁሩን ሼህ ሷሊህ ያርዱታል፤ ቀዩን እኛ እናርዳለን። ሁሉም በየፊናው ይብላ። እኩልነት ማለት ይኸው አይደል?"

ዘሊካ አንዴ ጥቁሩን በሬ፣ አንዴ አዱኛን አየች።

"ጌታው" አለች በትሕትና፣ "እባክዎ፣ ከእንግዲህ አይማልዱልን።"

ብትሰድበው በተሻለው ነበር። የቸሩ ወተት ያስጠላል፤ ማተቡም ያስጠላል፤ በሕፃናት ጉሮሮ ላይ የሚደገሰው ድግስም ያስጠላል። ያን ቀን ግን ለአዱኛ ከአዱኛ የከፋ የሚያስጠላ ሰው አልነበረም። የመጀመሪያውን በሬ ሊያድን የሚችለውን አንድ ቃል ዋጠና፣ ብልጠቱ ሁለተኛውን አስጎተተ። ዞሮ ወደ መገናኛ ሬዲዮው ድንኳን ገሰገሰ።

ሬዲዮ ሠራተኛው ውባንተ የጎንደር ልጅ ነው። ሲያየው ተነሣ።

"ጎንደርን ጥራልኝ፣ ውባንተ።"

"ጓድ ቸሩ ሳይፈቅዱ እንዴት አርጌ፣ ዶክተር?"

"እስከ እሁድ ዲን ነኝ። ጥራ።"

"ኋላ ሁሉም ጣቢያ ይሰማል እኮ። መተማም፣ ኮኪትም..."

"ይስሙ።"

ውባንተ አመነታ፤ ጠራ፤ መናገሪያውን አቀበለው።

"የኮሌጁ ዲን አዱኛ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ ለቅቄያለሁ። የለቀቅሁት ታምሜ አይደለም፤ ጤነኛ ነኝ። ይኼ ቦታ ሰው የሚሠፍርበት እንዳልሆነ ተናግሬ የሰማኝ የለም። አሁን ደግሞ የሠፋሪዎቹን የእርሻ በሬዎች ለእኔ ሽኝት ሊያርዱ ነው። እንግዶቹ አይምጡ፤ የሚሸኝ ዲን የለም። ተቀበል።"

ሬዲዮው ለረጅም ጊዜ ተንጫጫ። ከዚያ ከጎንደር አንድ የቀጠነ ድምፅ መጣ፦ "አልተሰማም። አልተሰማም። ይደገም።"

ቸሩ እያለከለከ ድንኳኑ በር ላይ ደርሶ ኖሮ ይህን ሲሰማ ነፍሱ መለስ አለች።

"ዶክተር፣ እግዜር አወጣዎት! አልሰሙም!" አለ በሹክሹክታ። "በጤና ምክንያት ነው የለቀቅሁት ይበሏቸው። ልጆች አሉዎት። የበሬዎቹን ነገር በኋላ እንስማማለን።"

ውባንተ አቀርቅሮ መሬት መሬት ያያል። ከውጭ ጥቁሩ በሬ አንዴ አገሳ።

አዱኛ ጉሮሮውን ጠረገ። መናገሪያውን ወደ አፉ አስጠግቶ ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ ቃል በቃል፣ ቀስ ብሎ ደገመው።