ውባለም ፎቶ ቤትና በር የሌላት ከተማ

የደንበኛዋ የትርሲት ፎቶ ከፎቶ አንሺዋ ከውባለም ኮምፒውተር ተሰረቀ። የመልሷ ፎቶ ነበር፤ ረፋድ ላይ ስድ ቃል ተጽፎበት በቴሌግራም ሲዞር ደሴ ሁሉ አየው። እናቷ ፎቶ ቤቱ ድረስ መጥታ፣ "አምኜ ብሰጥሽ ልጄን አደባባይ አሰጣሽብኝ!" ብላ አልቅሳ ሄደች።

ኮምፒውተሩ ላይ የተሰካችው፣ ኢንተርኔቱን ለአካባቢው የምታካፍለው ትንሽዬ የዋይፋይ ዕቃ ፓስዋርድ የላትም። ውባለም ሆን ብላ ነው ክፍት የተወቻት። ፎቶ ቤቱ ባለበት ሕንፃ ኮሪደር ጎረቤት ላይ መዝጋት ነውር ነው። ደንበኛም ፎቶውን በስልኩ እንዲወስድ ብላ ፎልደሩን ክፍት አድርጋዋለች። ማን እንደገባ በምን ይታወቃል? የሌሎቹ ሴቶች ፎቶ ደግሞ አሁንም እዚያው ነው።

አመሻሹ ላይ ዋይፋዩን በፓስዋርድ ልትዘጋው ተቀመጠች። ከጎኗ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላቸው ጋሽ ይመር አንገታቸውን አስገቡ።

"እኔ የምልሽ፣ ፓስዋርድ ልታደርጊ ነው አሉ? እኛን ሌባ ልትዪን?"

"ኧረ ጋሼ፣ እንዲያው..."

"በይ ሰላምታውንም ቆልፊው!" ብለው እየሳቁ ሄዱ።

እጇ እምቢ አላት። ነገ አደርገዋለሁ ብላ ባንኮው ላይ ግንባሯን ደፋች። እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወሰዳት።

ቀና ስትል እማማ ጥሩወርቅ ፊቷ ቆመዋል። ድሮ የከተማውን ስልክ በእጃቸው ሲያገናኙ የኖሩ፣ የሰውን ሁሉ ምስጢር ሰምተው አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ የሞቱ ሴት ናቸው።

"ተነሺ ልጄ። የከፈትሽውን ላሳይሽ።"

ወጡ። መንገዱ ያው የምታውቀው መንገድ ነው፤ ግን አንድም ቤት በር የለው፣ አንድም መስኮት መጋረጃ የለው። ሰዎች አፋቸውን በእጃቸው ከድነው ያወራሉ፣ እናቶች ልጆቻቸውን በነጠላ ሸፍነው ያጠባሉ፣ እንዲያም ሆኖ ከየግድግዳው ዓይን ይጉረጠረጣል፤ ሳቅ እንኳ ከሰው አፍ ሳይወጣ ገና ጉሮሮ ላይ እያለ ይሰረቃል። መታጠፊያው ላይ አንድ ወፍራም ሰውዬ የትርሲትን ፊት አጥልቆ ቆሟል። አገጩ ሥር የራሱ ጺም ተርፎ ይታያል።

ውባለም የእማማን ክንድ ያዘች። "ማን አስገባው?"

"ማንም።"

"ታዲያ እንዴት ገባ?"

"ማንም አልከለከለውም።"

ሰውዬው ገመድ ላይ እንደ ልብስ ከተሰጡት ፊቶች ሌላ ለመምረጥ እጁን ዘረጋ። ደንበኞቿ ናቸው፤ ሁሉንም ታውቃቸዋለች። ጫፍ ላይ የራሷ ፊት ተሰቅሏል። ልትጮህ ብትል ድምፅዋም የለም።

እማማ ጎትተው ድልድዩን አሻገሯት። ማዶ ያለችው ከተማ በር አላት። እንግዳ ያንኳኳል፣ ባለቤቱ ወጥቶ ያስገባዋል፤ በየደጁ ሰው ተቀምጦ ይስቃል፣ አፉን የሚከድን የለም።

"እዚህ አይኮራረፉም? በር ዘጋሽብኝ አይባባሉም?"

"ገላውን ሊታጠብ በር የዘጋ ሰው ጎረቤቱን ሰደበ?"

አንዲት ጥሩ ቤት ግን ተዘርፋ ባዶዋን ቆማለች።

"ይቺስ? ይኸው በር አላት።"

"ባለቤቷ የቁልፉን ቃል የገዛ ስሟን አደረገችው። ስሟን ለጠራ ሁሉ ተከፈተ።"

ይህን ሲሉ ያ ሰውዬ ድልድዩ ላይ ብቅ አለ። አሁን ያጠለቀው የውባለምን ፊት ነው። በገዛ ከንፈሯ ፈገግ ብሎ፣ በገዛ ድምፅዋ "ቤቶች!" አለ።

ብንን አለች። ገና ዓይን ለዓይን ያስተያያል፤ የዋይፋይ ዕቃዋ አረንጓዴ መብራቷን ቦግ እልም ታደርጋለች።

ቅንብሩን ከፈተች። ደህንነት ከሚለው አጠገብ "ክፍት" ይላል። በፓስዋርድ የሚዘጋውን መረጠች፤ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ አራት ቃላትና ቁጥር ቀላቅላ ጻፈች። የፎቶውንም ፎልደር ዘጋች።

"ውባለም! ኔትወርክ ጠፋ እንዴ?" ጋሽ ይመር ከኮሪደሩ ተጣሩ።

"አልጠፋም ጋሼ። ዘግቼዋለሁ።"

"አደረግሽው!"

"የእርስዎ ኮምፒውተር ውስጥ የስንት ሰው መታወቂያ ነው ያለው?"

ጋሽ ይመር ዞር ብለው ሱቃቸውን አዩ።

"ፓስዋርድ አለዎት?"

"ኧረ ለማን ብዬ..."

ሱቃቸው ገባች፣ ወንበር ሳበች፣ ያየችውን ከመጀመሪያው እየነገረቻቸው የእሳቸውንም ዘጋችው።