ከልጆቹ ሳህን የቀረው

የሰነድ ጸሐፊው ሥራ ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ነው፤ ማሽን ማስረዳት። መሥሪያ ቤቱ ሰዎች የበሉትን የሚመዘግቡበት መተግበሪያ ሠርቷል። ሰዉ ግን በጣቱ መጻፍ ሰለቸው፤ ስለዚህ «ይህን በላሁ» ሲላቸው በእሱ ፈንታ የሚመዘግቡለት የሰው ሰራሽ አስተውሎት ወኪሎች ተጨመሩ። ወኪል ደግሞ ካልነገሩት አያውቅም። «ትንሽ» ስንት ግራም እንደሆነ፣ መቼ መጠየቅ መቼ ዝም ማለት እንዳለበት የሚያስረዳው መመሪያ ያስፈልገዋል። ያንን መመሪያ የሚጽፈው እሱ ነበር፤ ይኮራበትም ነበር፣ ከሚገባው በላይ።

አሥራ አራተኛው ደንብ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ደንቡ «ተጠቃሚውን አታሳፍር» ይላል። ከሥሩ አንድ ምሳሌ መግባት አለበት። ሦስት ምሳሌ ፈጠረ፤ ሦስቱም የፕላስቲክ አበባ ሆኑበት። እውነተኛ ሰው የተናገረው ነገር አማረው። እውነተኛ ሰው ደግሞ ሩቅ አልነበረም፤ እህቱ ነበረች።

እህቱ ልብስ ሰፊ ናት። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ስለሆነች ዛሬም «እትዬ» ነው የሚላት። ስኳር እንዳለባት ከታወቀ ጀምሮ ሐኪሟ የምትበላውን ሁሉ መዝግቢ ብሏታል፤ የመድኃኒቷን መጠን የሚወስነው መዝገቡን አይቶ ነው። መተግበሪያውን ስልኳ ላይ የጫነላት ወንድሟ ነው፤ ለሙከራ ተብሎም የምትልከውን ሁሉ ከቢሮው ሆኖ ያያል።

«ሐኪሙ ቁጥሩን ያያል» ብላው ነበር በጫነላት ቀን፣ መርፌ ላይ ክር እያስገባች። «የምጽፈውን ቃልስ ማን ያየዋል?»

«እኔና ማሽኑ ብቻ፣ እትዬ።»

«አንተስ ግድ የለም» አለች።

ስላመነችው ለማንም አፍ አውጥታ የማትናገረውን ጻፈች። «ቁርስ አልበላሁም። ልጆቹ ትምህርት ቤት ከሄዱ በኋላ ከሳህናቸው የቀረውን ዳቦና ማርማላታ ቆሜ በላሁት። እሱ ይቆጠራል?»

ይህችን ነው ገልብጦ አሥራ አራተኛው ደንብ ሥር የለጠፋት። ከሥሯም ወኪሉ ሊመልስ የሚገባውን ጻፈ። ስሟን አወጣ፣ ሰዓቱን ቀየረ፣ በቃ። «የሚያነበው ማሽን ነው፤ ማሽን ሐሜት አያውቅም» ብሎ ራሱን አሞኘ። መመሪያው ወኪሎቹ ጋ ከመድረሱ በፊት አሥራ አንድ ባልደረቦቹ እንደሚያርሙት ጠፍቶት አይደለም። ምሳሌው ስላማረበት ነው።

ሰኞ ላከው። ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ ሳቂታው የሚሉት ንድፍ ሠሪ ከትሪው የመጨረሻዋን ብስኩት አንስቶ «ቆሜ ነው የበላሁት፤ እሱ ይቆጠራል?» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጸሐፊውም ሳቀ። ለመናገር የሚያስጠላው ይህ ነው፤ ሳቀ፣ ያውም ከሁሉም በኋላ ነው ያቆመው።

ዓርብ ዕለት አለቃቸው ለሙከራ ከተመዘገቡት ተጠቃሚዎች ጥቂቶቹን ቢሮ ጠራች። እሱ ማን እንደተጠራ አላየም። ወደ መሰብሰቢያው ክፍል ሲገባ ግን እህቱ ራሷ የሰፋችውን የክት ቀሚስ ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። በዓይኗ ሳቀችለት። ልታስደንቀው ብላ ነው ያልነገረችው፤ ወንድሟ መሆኑንም ለማንም አልተናገረችም፣ ሥራው ላይ እንዳታሳፍረው።

በሻይ ሰዓት ትሪው ዞረ። ሳቂታው ብስኩቱን አነሳና የለመዳትን ቀልድ ደገማት። ሰዉ ሳቀ። የእህቱ ስኒ አፏ ሳይደርስ ቆመ። ማንንም አላየችም፤ እሱን ብቻ አየችው።

አለቃዋ እንግዶቹ ግራ እንዳይጋቡ ብላ «የመመሪያችን ቀልድ ናት፤ ጸሐፊያችን ያመጣት ምሳሌ» አለች። ወደ እሱም ዞረች። «ግን ከየት ነው ያመጣሃት? እውነተኛ ሴት እኮ ነው የምትመስለው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። መናገር ግን ይችል ነበር፤ ምላሱን ማንም አልያዘበትም።

«ፈጥሬያት ነው» አለ።

እህቱ ስኒዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ጎበዝ ነው» አለች ለአለቃዋ። «ልክ ሰው የተናገረው ነው የሚመስለው።»

የዚያኑ ቀን ምሳሌዋን ሰረዛት። መሰረዙ ግን ምንም አላቀለለለትም። በሳምንቱ የእህቱን መዝገብ ከፈተ። ቁርስ፣ አንድ እንቁላል፣ አንድ ቁራሽ ዳቦ። በማግስቱም አንድ እንቁላል፣ አንድ ቁራሽ ዳቦ። ሰባቱም ቀን እንደዚያው። ወኪሉ ሁሉ ግልጽ ስለሆነለት ምንም ሳይጠይቅ መዝግቧል። እህቱ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ እንቁላል አይስማማትም፤ ሽታው ራሱ ያስታውካታል። ሐኪሙ እንግዲህ መድኃኒቱን የሚለካው በዚህ ውሸት ነው።

እሑድ ጠዋት ቤቷ ሄደ። ልጆቹ በልተው ወደ ውጭ ሮጠዋል፤ እሷ ሳህን እየሰበሰበች ነው።

«እትዬ፣ አጥፍቻለሁ» አለ በሩ ላይ እንደቆመ። «ይቅር በይኝ።»

«ቁጭ በል።»

«እንቁላሉ ውሸት ነው። እኔን ተቀየሚኝ፣ የፈለግሽውን በይኝ፤ ለሐኪሙ ግን እውነቱን ጻፊ። ትታመሚያለሽ።»

ከትንሹ ልጅ ሳህን ላይ ግማሽ ቁራሽ ዳቦ አነሳች፤ ማርማላታ ነክቶታል። እዚያው ቆማ፣ ዓይን ዓይኑን እያየች በላችው። ከዚያ እጇን በጨርቅ ጠርጋ ስልኳን ዘረጋችለት።

«እንካ፣ አንተ ጻፈው» አለች። «ፈጥረህ ስትጽፍ ያምርብሃል።»

ተቀበላት። «ከልጆቹ ሳህን የቀረ ግማሽ ቁራሽ ዳቦ ከማርማላታ ጋር፣ ቆሜ» ብሎ ጻፈ። ትንሽ ቆይቶም «ይቆጠራል?» ብሎ ጨመረ። መልሱ ወዲያው መጣ። «አዎ፣ ይቆጠራል። ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ።» ከአሥራ አራተኛው ደንብ ሥር ምሳሌዋን ቢሰርዝም ለወኪሉ የጻፈለትን መልስ አልነካውም ነበር፤ ይህ መልስ ቃል በቃል የራሱ ነው።

«ምን አለ?» አለች እህቱ። ጀርባዋን ሰጥታ ሳህን ማጠብ ጀምራለች።

«ይቆጠራል አለ። ስለነገርሽውም አመሰገነሽ።»

ውሃውን ዘጋች።

«ደግ ነው» አለች። «ማሽኑ።»