ሰሊጥ አረም ላይ ነው

1.
«ቢሆነኝን አገኘኸው?»

«ሰሊጥ አረም ላይ ነው አሉኝ። አልተገናኘንም።»

2.
ጠያቂዋ ወይዘሮ አለምናት ናቸው፤ መላሹን መንገድ ላይ አስቁመው ነው። ቢሆነኝ አንድ ልጃቸው ነው፤ ከብቶቹን ትቼ አልሰደድም ብሎ አገር ቤት ቀርቷል። መላሹ አያ አዛነው የድሮም የአሁንም ጎረቤታቸው ናቸው። ስደተኞችን ወደ አገር የሚመልሰው ኮሚቴ አካባቢውን አይተው እንዲመጡ ድንበር አሻግሮ ልኳቸው ነበር፤ ስደተኛ ከባለሥልጣን ንግግር ይልቅ የራሱን ሰው ዓይን ያምናል ተብሎ።

3.
እኔ የመጠለያው አስተርጓሚ ነኝ። በልጅነቴ ከዚያው አገር ወጥቼ ስዊድን ተማርኩ፤ አምና ወደ ወገኖቼ፣ እዚህ መጠለያ፣ ተመለስኩ። የስዊድን ፓስፖርቴ ግን ኪሴ ውስጥ ነው። የምጽፈውን ስታነቡ ይህን አትርሱ።

4.
የመመለሻ ቅጹን ለወይዘሮ አለምናት የምሞላላቸው እኔ ነኝ።

ጥያቄ፦ የሚመለሱት በፈቃድዎ ነው?

መልስ፦ ልጄ እያረመ እኔ እዚህ ለስንዴ ልሰለፍ? በፈቃዴ ነው።

ጥያቄ፦ አካባቢው ሰላም መሆኑን በምን አወቁ?

መልስ፦ ሰው በጥይት መሃል ሰሊጥ ያርማል እንዴ? አንተ ደግሞ።

(ሳቅ። የአውራ ጣት አሻራ።)

5.
የኮሚቴው ሰብሳቢ፦ «እሳቸው ከሄዱ ሌላው ይከተላል። ነገ ማለዳ መኪናውም ካሜራውም ይመጣል።»

6.
ደስታውን ለአያ አዛነው ልነግራቸው ሄድኩ።

«ፈረመች?» አሉ። ተቀመጡ። «ቢሆነኝ እኮ የለም። ባለፈው ወር መንገድ ላይ መትተውት ነው። የቀበሩትን አነጋግሬያለሁ።»

«ታዲያ ሰሊጥ አረም ላይ ነው ያሉት?»

«መርዶ መንገድ ላይ ይነገራል? ለብቻ? ወንድሟ ከሌላው ጣቢያ እየመጣ ነው። ነገ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ይዘን በወጉ እናረዳታለን። እስከዚያ ደህና ነው ይባላል። የት ነው ያደግኸው አንተ?»

«ለኮሚቴውስ?»

«ኮሚቴው የጠየቀኝ መንገዱ መኪና ያስገባ እንደሆነ ነው። ያስገባል።»

ልሄድ ስል፦ «አንተ እንዳትነግራት። ከመኪናው እንቀድማለን።»

7.
እናንተ ብትሆኑ ወዲያው ትነግሯቸው ነበር። እኔም የተማርኩት እንደዚያ ነው፤ ባደግሁበት አገር ሞት በስልክ ይነገራል።

ድንኳናቸው ድረስ ሄድኩ። የወንድ ሸሚዝ እያጣጠፉ ነበር።

«ትከሻው ሰፍቶ ይሆን?» አሉኝ።

ተመለስኩ።

8.
ማለዳ።

መኪናው ሞተሩን አላጠፋም። ሰብሳቢው ከካሜራው አጠገብ ቆመዋል። ወይዘሮ አለምናት አንድ እግራቸውን መወጣጫው ላይ አሳርፈዋል። በድንኳኖቹ መሃል ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ቀስ ብለው እየመጡ ነው፤ ከፊት አያ አዛነው፣ ከጎናቸው የሴትዮዋ ወንድም።

«አንተ ልጅ፣» አሉኝ እግራቸውን ሳያወርዱ፣ «እነዚህ በዚህ ጧት የሚመጡት ሊሸኙኝ ነው?»

9.
መልስ፦