የአስተኚዋ እንቅልፍ

እና ደግሞ የት ነው የሚሄዱት፣ ይሄን የነገራት ሰው የለም፣ መጽሐፉ የማደንዘዣው መድኃኒት አንጎል ጋ ሲደርስ ምን እንደሚሠራ ይናገራል እንጂ ሰውዬው የት እንደሚደርስ አይናገርም፣ አሁን ይሄ አናጢ ለምሳሌ፣ ኦፕራሲዮን ጠረጴዛው ላይ በጀርባው ተንጋሎ ስለ ልጁ ሠርግ ያወራላታል፣ አዳራሹ ጠበበን፣ የሚስቴ ዘመዶች ደግሞ ብዛታቸው፣ እሷ መርፌውን ቀስ አድርጋ ትገፋለች፣ ብዛታቸው፣ ይላል እንደገና፣ ከዚያ የለም። ፊቱ አለ። ጢሙ አለ። ጥፍሩ ሥር የደረቀው ሙጫ አለ። እሱ ግን የለም።

ችግሩ ታዲያ እዚህ ጋ ነው፣ እሱ ሲሄድ የሷም ትንፋሽ አብሮት ይሄዳል። ጭምብሉን አፉና አፍንጫው ላይ ገጥማ የአየር ፊኛውን ትጨምቃለች፣ የሱ ደረት ከፍ ይላል፣ የሷ ቆሟል፣ ተንፍሺ እንጂ አንቺ፣ ምን ሆነሻል፣ ለሰው የምትሰጪውን አየር ለራስሽ ትነፍጊያለሽ? ጆሮዋ ውስጥ የሆነ ነገር ይጮኻል፣ ቀዶ ሐኪሙ ከማዶ ሆኖ እንጀምር ወይ ይላታል፣ ድምጿ እምቢ አለ፣ ግድግዳው ፈቀቅ ፈቀቅ ይላል። ባልደረባዋን በእጇ ትጠራዋለች። ይመጣል፣ ምንም ሳይጠይቅ ፊኛውን ይቀበላታል፣ እሷ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብታ ወለሉ ላይ ቁጭ ትላለች፣ ወለሉ ይቀዘቅዛል፣ ደስ ይላል፣ ትንፋሿ እንዳኮረፈ ልጅ ቀስ እያለ ይመለሳል።

ሆስፒታሉ ውስጥ አስተኚዋ ነው የሚሏት። ስሙን ያወጣላት ያው ባልደረባዋ ነው፣ ረጅሙ፣ እሱም እንደሷ ማደንዘዣ ሰጪ ነው፣ የራሷን ድርሻ እንቅልፍ ነው ለበሽተኛ የምታድለው እያለ ይቀልዳል፣ ቀልድ መሰለው። ከልጅነቷ ጀምሮ እንቅልፍ ሊወስዳት ሲል፣ ልክ ጠርዙ ላይ ስትደርስ፣ አንድ ነገር ትከሻዋን ይዞ ብድግ ያደርጋታል፣ ልቧ እየደለቀ ዙሪያዋን ታያለች፣ ወንበር ላይ የተጣለ ሹራብ፣ መጋረጃ፣ ሌላ ምንም። ለምዳዋለች፣ ሰው አንድ እግሩ አጥሮ ይወለድ የለ፣ እሷም እንቅልፏ አጥሮ ተወለደች፣ በቃ። ያሳደገቻት አክስቷ ሐሞቷ ውስጥ ጠጠር ተገኝቶ ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ከተያዘላት ወዲህ ግን ያ ነገር ቆማ እያለች፣ ሥራ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ ይመጣባታል፣ ይሄ ደግሞ በቃ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፣ እጇ ላይ የሰው ነፍስ አለ።

ለክፍሉ ኃላፊ ራሷ ሄዳ ትነግረዋለች። ይሰማታል፣ ጥሩ ሰው ነው፣ ካልተሻለሽ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል አልመልስሽም ይላታል፣ ጥሩ ሰው መሆኑ ነው የሚያናድደው፣ ክፉ ቢሆን ትሰድበው ነበር። ያክስትሽን ነገር ለረጅሙ ተዪው፣ ቀድሞም ለዘመድ ማደንዘዣ አይሰጥም፣ አንቺ ላይኛው ፎቅ ያለችውን የሥነ ልቦና ባለሙያ አነጋግሪ። እሺ። ደረጃውን ትወጣለች፣ ይሄን ሁሉ ዘመን አእምሮ የሚያጠፋ ሥራ ሠርታ አእምሮ የሚያዩበት ፎቅ ላይ ወጥታ አታውቅም፣ ይገርማል።

ባለሙያዋ በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው፣ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል፣ ማውራት የሚያስጠላቸው ይመስላሉ። እሷ ታወራለች፣ ስለ ኦክስጅን መጠን፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ አንጎል ግንድ፣ እሳቸው ይሰማሉ፣ መስኮታቸው ላይ ያለው አበባ ፕላስቲክ ነው፣ ግን አቧራ የለበትም፣ ፕላስቲክ አበባ የሚወለውል ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ስትጨርስ ይሏታል፣ ጥሩ፣ የሌላውን ሰው አካል አወቅሁት፣ ያንቺስ፣ ሲይዝሽ የት ጋ ነው የሚይዝሽ? የት ጋ ማለት? የት ጋ ማለት። ዓይኗን ትጨፍናለች። ትከሻዬን፣ ትላለች፣ ቀኝ ትከሻዬን፣ ስትለው ራሷ ትደነግጣለች፣ ሐኪም ነኝ ባይ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ትንፋሼ ልቤ እያለች፣ ነገሩ ትከሻዋ ላይ ነው።

እንግዲያው አትሽሽው፣ ይላሉ፣ በሚቀጥለው ሲመጣ ምንድነው ብለሽ ጠጋ ብለሽ እዪው፣ አታባሪው፣ አትከራከሪው፣ የማታውቂው እንግዳ በር ቢያንኳኳ ማነው ትዪ የለ? ብቻሽን እንዳትሆኚ ደግሞ ትንፋሽሽን ተከተዪ፣ ሲገባ ገባ፣ ሲወጣ ወጣ። ይሄ ነው ሕክምናው? ይሄን ብቻ ሊነግሩኝ ነው ያን ሁሉ ደረጃ የወጣሁት፣ ትላለች በሆዷ፣ በአፏ ግን አመሰግናለሁ፣ ትወርዳለች። ግን ነገሩ ይበላታል። ማነህ፣ ወይስ ማነሽ።

ቤቷ ሶፋው ላይ ከቀትር በኋላ ሆን ብላ ትጋደማለች፣ እንደ ድመት አድፍጣ፣ ከውጭ መኪና ያልፋል፣ ጎረቤት ያለችው ሴትዮ ምንጣፍ ታራግፋለች፣ ገባ፣ ወጣ፣ ሐሳቧ ይሮጣል፣ ያ አናጢ ድኖ ወጣ ወይ፣ ወጥቷል፣ የወጥ ቤቱን ጋዝ አዝዣለሁ፣ ገባ፣ ወጣ፣ ሐሳቡን የሚያየው ማነው ግን፣ ሐሳብ አለ፣ ሐሳቡን ቁጭ ብሎ የሚያይ ደግሞ አለ፣ ሁለት ሆንን ማለት ነው? ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል፣ ልብን የሚያየውስ? ደስ ይላታል፣ ጨዋታ ይመስላታል፣ ከዚያ ጠርዙ፣ ሰውነቷ መስመጥ ሲጀምር፣ መጣ።

እጅ ነው።

አትነሺ፣ ቆይ፣ እዪው። ልቧ ይደልቃል፣ ይደልቅ። እጅ ነው፣ የትልቅ ሰው እጅ፣ ትከሻዋን ይዞ ይነቀንቃታል፣ ኃይለኛ አይደለም፣ ሽታ አለው፣ ግሊሰሪን፣ ግሊሰሪን የምትቀባው ማናት፣ አክስቷ ናት፣ ስልክ ቤት የመስመር ሠራተኛ ሆና ቀኑን ሙሉ ገመድ ስትሰካ ስትነቅል እጇ እየደረቀ ግሊሰሪን የማትለየው እትዬ፣ እጁ የእትዬ ነው። ተነሺ እናቴ፣ ትላለች፣ ትንሿ ልጅ ትነሳለች፣ ክፍሉ በሰው ተሞልቷል፣ ሰዎቹ ሲያዩዋት ዝም ይላሉ፣ እናቷ አልጋዋ ላይ ናት፣ አንሶላው እስከ ላይ፣ እስከ ላይ ድረስ ተስቧል። ትንሿ ልጅ እዚያው እግርጌው ላይ ተኝታ ነበር። ተኝታ እያለች እናቷ ሄደች።

ትነሳለች፣ ፊቷን ትታጠባለች፣ መስታወቱ ውስጥ ያለችውን ሴት ታያታለች። ለካ ይሄ ነው። ብተኛ ሰው ይሄዳል። ለካ የአገሩን ሰው እያስተኛሽ አጠገቡ ቆመሽ የምትጠብቂው፣ አንዲትን ሴት ለመጠበቅ ነው፣ ሥራ የመረጥሽ መስሎሽ፣ ሥራው ነው አንቺን የመረጠሽ። ማልቀስ ይገባት ይሆናል፣ አላለቀሰችም፣ ከሐዘኑ ይልቅ ግራ መጋባቱ በልጧል፣ አንድ ነገር ይጎድላል፣ እጁ ከመምጣቱ በፊት ምን ነበር?

ባለሙያዋ ዘንድ ትመለሳለች፣ ሁሉን ትነግራቸዋለች፣ እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ያዩዋታል። ያንን ቀን የምታውቅ በሕይወት ያለች ሰው አለች? አለች። ጠይቀሻት ታውቂያለሽ? ባለሙያዋ አላወቁም እንጂ እሷና እትዬ ቤት ያ ቀን ተከድኖ የተቀመጠ ነገር ነው፣ እትዬ እንዳታዝን እሷ አትጠይቅም፣ እሷ እንዳታዝን እትዬ አትናገርም፣ እንዲህ እየተዛዘኑ አረጁ።

እትዬ ለቀዶ ሕክምናው ትተኛለች። የሆስፒታሉን ልብስ ለብሳ አልጋው ላይ ተቀምጣ ጥርሷን አላወልቅም ብላ ከነርሷ ጋር ትሟገታለች፣ እንዲህ ድዴን አስጥቼ በረጅሙ ልጅ ፊት አልቀርብም፣ ነርሷ ትስቃለች፣ በመጨረሻ ጥርሱ ይወልቃል፣ የእትዬ ፊት ድንገት ያረጃል። እሷ አጠገቧ ትቀመጣለች። ፈራሽ? ለምን እፈራለሁ፣ ጠዋት ጸልዬአለሁ። ሁልጊዜ መጠየቅ ትፈልግ ነበር፣ አሁን ጠየቀች፣ ስትጸልዪ የሚመልስልሽ አለ ወይ፣ እትዬ ታስባለች፣ ያለ ጥርስ ስታስብ አፏ ይንቀሳቀሳል። አይ መልስስ የለም፣ ግን እኔ ስልክ ቤት የኖርኩ ሰው ነኝ፣ መስመር ሲቆረጥና ክፍት ሆኖ ዝም ሲል ድምፁ ይለያያል፣ በጆሮሽ ታውቂዋለሽ፣ ያኛው ክፍት ነው። እሷ ይሄን ለመሳቅም ለመከራከርም አትችልም፣ ማደንዘዣ የወሰደ ሰውና የሞተ ሰው ከሩቅ አንድ ይመስላሉ፣ እሷ ግን ፊታቸውን አይታ ትለያቸዋለች፣ በምን እንደምትለይ ንገሪን ቢሏት አታውቀውም።

እትዬ፣ ትላለች፣ እማዬ የሄደች ቀን እኔ ተኝቼ ነበር አይደል።

የእትዬ እጅ አንሶላው ላይ ይቆማል።

ተኝተሽ ነበር።

ለምን ቀድመሽ አልቀሰቀስሽኝም?

ልቀሰቅስሽ መጥቼ ነበር እንጂ፣ ትላለች እትዬ፣ ድምጿ አልተለወጠም፣ ዋጋ የሌለው ወሬ እንደምታወራ ሰው። ከሥራ ስገባ የእናትሽን ትንፋሽ አይቼ ገባኝ፣ ልጅሽን ላንሳት፣ ተሰናበቻት አልኳት፣ እጄ ትከሻሽ ላይ ነበር። ተዪያት አለችኝ። ትተኛ፣ ስትተኛ ልያት፣ ነቅታ ካለቀሰችብኝ መሄድ ያቅተኛል። እኔም ተውኩሽ። ትራሷን ከፍ አደረግሁላት፣ እግርጌዋ ላይ ተጠቅልለሽ፣ አፍሽን ከፍተሽ፣ ለሃጭሽ ወርዶ፣ እስከ መጨረሻው አንቺን እያየች ነበር፣ አንድ ጊዜ ፈገግ ብላለች፣ በኋላ ነው የቀሰቀስኩሽ።

ነግረሽኝ አታውቂም።

የምታውቂው ነበር የመሰለኝ፣ ትላለች እትዬ፣ እውነቷን ነው፣ ፊቷ ላይ ይነበባል፣ ምን የሚሸሸግ አለው፣ ዘመዱ ሁሉ ያውቀዋል፣ አንቺ ደግሞ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?

መሳቅ አማራት፣ ዕንባዋ ቀድሞ መጣ፣ ሁለቱም አብረው ይሆናሉ ለካ። እትዬ በአንሶላው ጫፍ ትጠርግላታለች፣ ነርሷ አልጋውን ልትገፋ መጥታ ታያቸዋለች፣ ምን ሆናችሁ፣ ምንም፣ ይላሉ ሁለቱም ባንድ ጊዜ።

ኦፕራሲዮን ክፍሉ ውስጥ ረጅሙ እስክትተኛ አጠገቧ ቁሚ ይላታል፣ ዛሬ አንቺ ቤተሰብ ነሽ፣ እጅሽን ሰብስቢ። እትዬ ቀና ብላ መብራቱን ታያለች፣ ይሄ ሁሉ መብራት ለኔ ነው ትላለች፣ ረጅሙ መድኃኒቱን ይገፋል፣ የእትዬ ዓይን ይከብዳል፣ እሷ እጇን ይዛ ታያታለች፣ ገባ፣ ወጣ፣ የራሷ ትንፋሽ ነው፣ አልቆመም፣ ቆይ፣ ይንቀጠቀጣል፣ ግን አልቆመም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያንቀላፋ ሰውን እንደ ዘበኛ ሳይሆን ዝም ብላ ታያለች። አፏ ገርበብ ብሏል፣ ድዷ ይታያል፣ ስታምር። ይሄን ነው እማዬ ያየችው ማለት ነው። እንዲህ ነው የሚታየው።

ተኝታለች፣ ይላታል ረጅሙ።

አዎ፣ ትላለች፣ ተኝታለች። ድምጿ ጤነኛ ነው።

ሐሞቱ ወጣ፣ ጠጠሮቹን በብልቃጥ አድርገው ያሳዩዋታል፣ እትዬ ነቅታ ተሳድባ፣ ውሃ ጠይቃ ተከልክላ፣ መልሳ አንቀላፍታለች፣ አሁን የራሷ እንቅልፍ ነው፣ ታንኮራፋለች። እሷ አልጋው አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ትሰምጣለች። ኃላፊው ነገ ላነጋግርሽ ብሏታል፣ ይመልሳት ይሆናል፣ ምናልባት ገና ነው ይላት ይሆናል፣ ገና ሊሆን ይችላል፣ ሲቆም የኖረ ትንፋሽ አንድ ቀን ባለመቆሙ አይታመንም፣ ባለሙያዋ ጋ ደግሞ ትወጣለች፣ ብዙ የምትጠይቀው አለ፣ እናቷ የት እንደሄደች ዛሬም አታውቅም፣ መንቃትና መተኛት መሃል ያ ጠርዝ ምንድነው፣ እዚያ ቆሞ የሚያየውስ፣ ገባ፣ ወጣ፣ መጣ፣ እጁ ትከሻዋ ላይ ነው፣ እሺ ነይ፣ ግሊሰሪኑ ይሸታል፣ አይነቀንቃትም፣ ዛሬ ተቀምጧል ዝም ብሎ፣ ከእግርጌው ማዶ፣ ከፍ ካለ ትራስ ላይ፣ የሆነ ሰው ያያታል፣ ይያት፣ ማየት ምን ይጎዳል፣ አንገቷ ይዘነበላል፣ የመስኮቱ ብርሃን ወለሉ ላይ ወርዷል፣ ጫማዋን ማውለቅ ነበረባት፣ አንደኛው ወልቋል መሰል፣ ሌላው