የተወረሰችው ሚኒባስ ይግባኝ

1.

ይሰረዝ።

2.

ይህችን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደምሰማ እኔ ነኝ የማውቀው። የጉምሩክ ይግባኝ ሰሚ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። ዛሬ የተሰረዘውንም ያልተጻፈውንም እጽፋለሁ። ካሻቸው ያባሩኝ።

3. ጉዳዩ

ኬላ ላይ አንዲት ሚኒባስ ስትፈተሽ ከወንበሮቿ ሥር ከውጭ የገባ የሺሻ ትምባሆ ተገኘ። ትምባሆውም ሚኒባሷም ተወረሱ። ሾፌሩ ሙክታር «የጫንኩት እኔ ነኝ» ብሎ አምኗል፤ ታስሯል። የመኪናዋ ባለቤት ወይዘሮ የሺእመቤት ባላቸው ሞተዋል፤ ከሚኒባሷ ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም። ስለ ትምባሆው አላወቅሁም ብለው ይግባኝ አሉ።

4. ደንቡ

ባለቤት አለማወቁን ካስረዳ መኪናው ይመለስለታል። ሰብሳቢው ግን ከፋይሉ ቀና ብለው፣ ሾፌሩ የቤተሰብ ሰው ከሆነ «አላወቅሁም» የሚለውን ማንም አያምንም አሉ።

5. ቃለ ጉባኤ ውስጥ የማይገባ

ጠዋት ኮሪደር ላይ ወይዘሮ የሺእመቤት ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። የሙክታር እናት ጎረቤታቸው ነበረች። በወሊድ ስትሞት እሳቸውም አራስ ነበሩ፤ ባንዱ ጡት ሴት ልጃቸውን፣ በሌላው እሱን አጠቡ። የጡት ልጃቸው ነው። ወረቀት ላይ ግን ባዳ ነው፤ የአባቱ ስም ሌላ፣ ሃይማኖቱ ሌላ።

ስለ ትምባሆው በእርግጥም አያውቁም ነበር። አመንኳቸው። እውነታቸው እንዲታመን ውሸት መጨመር ግድ የሚሆንባቸው መሆኑ ግን አናደደኝ።

«እዚያ ገብተው ይህን እንዳይደግሙት» አልኳቸው።

ቃለ ጉባኤ ያዥ ምክር አይሰጥም።

ሰጠሁ።

6. ግልባጭ (ሙክታር ከእስር ቤት ለምስክርነት ቀርቦ)

ሰብሳቢ፦ ከይግባኝ ባይዋ ጋር ምን ግንኙነት አለህ?

ሙክታር፦ ቀጣሪዬ ናቸው።

ሰብሳቢ፦ ዝምድናስ?

ሙክታር፦ የለንም። ሴትዮዋን ከሥራ ውጪ አላውቃቸውም።

7.

ሴትዮዋን።

አፉን ከፈታ ጀምሮ እማዬ ሲላቸው የኖረ ሰው ነው። ለእሳቸው ብሎ እንደካዳቸው ገብቷቸዋል። ቢሆንም ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ፤ እኔንም አመመኝ።

8.

አንባቢ ሆይ፣ አሁን እኔ ወንበር ላይ ተቀመጥ። እስክሪብቶውን ያዝ። ክፍሉ ይሞቃል። የሙክታር እጆች የኋሊት በካቴና ታስረዋል፤ ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ነው፣ ማበስ አልቻለም።

ወይዘሮ የሺእመቤት ተነሡ። ማንንም አላስፈቀዱም። በነጠላቸው ጫፍ መጀመሪያ ግንባሩን፣ ከዚያ ዓይኖቹን ጠረጉለት። ፊቱን ሊያዞር ሲሞክር አገጩን ያዙት።



ድርጊት ቃለ ጉባኤ ላይ አይሰፍርም፣ መልስ በቃል ነው አሉ ሰብሳቢው። እንግዲህ አንተም አትጻፈው።

9. ግልባጭ (የቀጠለ)

ሰብሳቢ፦ ወይዘሮ የሺእመቤት፣ ይህ ሰው ምንዎ ነው?

ይግባኝ ባይ፦