ኳስ የማይነካት ልጅ

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። የስፖርት መምህሩ ያቺን አንዲት ነገር ባይናገር ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር። ግን ተናገራት። ለዚያውም ጮሆ፣ ሠላሳ አምስት ተማሪ እየሰማው።

ነገሩ የሆነው ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ውጭው ጭቃ ስለነበር ልጆቹ የሐሙስ ጨዋታቸውን በስፖርት አዳራሹ ውስጥ ያዙ፤ መጀመሪያ ዱላ ቅብብል፣ ቀጥሎ ገመድ ጉተታ፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም ሲያልሙት የሚውሉት ኳስ ሽሽት። ጨዋታው ቀላል ነው። ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል፤ ከመሀል መስመሩ ወዲህና ወዲያ ሆነው የስፖንጅ ኳስ ይወራወራሉ። ኳስ የነካው ወጥቶ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ሳይነካ የመጨረሻ የቀረ ያሸንፋል። ከተማሪዎቹ አንዷ የመምህሩ የገዛ ልጁ ናት፤ የአሥር ዓመት፣ ቀጫጫ፣ እግሯ ማረፍ የማያውቅ። ሌላው ደግሞ በግራ እጁ ሲወረውር አያድርስ የሚያሰኝ ልጅ ነው፤ ግራኙ ይሉታል። ታዲያ ግራኙ ወረወረ፣ ኳሱ ልጅቷን ጆሮዋ ላይ ጧ አደረጋት፣ እሷም አለቀሰች።

የስፖንጅ ኳስ እኮ ነው! ድምፁ እንጂ ሕመሙ ከቁንጫ ንክሻ አይበልጥም። አባት ግን አባት ነው፣ ደሙ ፈላ። ግራኙን በክንዱ እየጎተተ፣ «የማን ልጅ ላይ እንደወረወርክ ታውቃለህ?» አለው። ከዚያም አንድ ወር ሙሉ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠው። ሲበርድለት አፈረ። ልጁን ይቅርታ ልጠይቀው አለ፣ ዛሬ ነገ ሲል ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ጎበዝ ሆነች። ለእሱማ እንደዚያ መስሎት ነበር። በየሐሙሱ ሌላው ሁሉ እየተመታ ሲወጣ እሷ ብቻዋን ትቀራለች። ወዲህ ትዘላለች፣ ወዲያ ታጎነብሳለች፣ ኳሱ በአጠገቧ ሽው ብሎ ያልፋል። ቤት ስትደርስ ቦርሳዋን ሳታወርድ፣ «እማዬ፣ ዛሬም የመጨረሻ ቀረሁ!» ትላለች። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋን አቁማ፣ «እሰይ የኔ አንበሳ! በማን ወጣሽ?» እያለች ባሏን በጎን ታየዋለች። ያኔ ልቡ ቅቤ ይጠጣል።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ክፍሉ በሙሉ የሚያውቀውን እሱ የደረሰበት በአሥራ ሁለተኛው ሐሙስ ነው። ልጅቷ ጨዋታው መሀል ቁጢጥ ብላ የጫማዋን ክር ታስራለች። አንዱ ልጅ ኳስ ይዞ ሁለት እርምጃ ፊቷ ቆሟል፤ ዓይኑን ጨፍኖ የወረወረ እንኳ አይስታትም። ልጁ እሷን አየ፣ ቀና ብሎ መምህሩን አየ፣ ከዚያ ኳሱን ከግድግዳው ጋር አላተመው። መምህሩ ክው አለ። 

ምን ያድርግ? በሚቀጥለው ሳምንት ልጅቷን ጠመኔ አምጪ ብሎ ቢሮ ላካትና ሌሎቹን ሰበሰበ።

«ልጆች፣ እሷም እንደናንተው ተማሪ ናት። ወርውሩባት፤ ማንም ምንም አይላችሁም።»

«እሺ ቲቸር!» አሉ በአንድ ድምፅ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል! ጨዋታው ሲጀመር አንዱ ኳስ በራሷ ላይ አለፈ፣ አንዱ በእግሯ ሥር ተንከባለለ፣ ግራኙ የወረወረው ደግሞ ሄዶ ከጣሪያው ጋር ተጋጨ። በመጨረሻ ጨነቀውና ራሱ ገብቶ ኳስ አንስቶ ትከሻዋን ነካት። ልጅቷ በሳቅ ፈነዳች።

«አባዬ ደግሞ! አንተማ አትቆጠርም!»

ይህ ሳያንስ ከጎረቤት ትምህርት ቤት ጋር ግጥሚያ መጣ። ከየክፍሉ ስድስት ስድስት ልጅ ተፈለገ። ልጅቷ ጠዋት ሸሚዟን እየቆለፈች፣ «እኔን ነዋ የምታስገባው! ከኔ በላይ የመጨረሻ የቀረ ማን አለ?» አለችው። እናቷ ቁጥር ሳይቀር ከማልያዋ ጀርባ ሰፍታላት ነበር። እንግዲህ ይህን አባት ምን በላት ትሉታላችሁ? አላስገባሽም ቢላት ለምን ትለዋለች። ለምን ካለችው ደግሞ ሊነግራት ነው። ምላሱን ዋጠና አስገባት።

የዚያኛው ትምህርት ቤት ልጆች የማን ልጅ እንደሆነች በምን ያውቃሉ? ፊሽካው እንደተነፋ የመጀመሪያው ኳስ መጥቶ ደረቷ ላይ አረፈ። ልጅቷ ወዴትም አልሸሸችም። ኳስ ራሱ አውቆ እንደሚያልፍ ነበር የለመደችው። ደረቷን አየች፣ አባቷን አየች፣ እሱም በእጁ አግዳሚ ወንበሩን አሳያት። በሕይወቱ እንደዚያች ደቂቃ እጁ ከብዶት አያውቅም። እስኪያልቅ ድረስ እዚያው ቁጭ ብላ ጫማዋን ስታይ ቆየች።

እጅ ለእጅ ተያይዘው የቤታቸውን ግማሽ መንገድ ሄዱ። ከዚያ፣ «አባዬ፣ የኛ ልጆች አውቀው ነው አይደል የሚስቱኝ?» አለች።

«ኧረ እናቴ፣ ጎበዝ ስለሆንሽ ነው እንጂ!»

ወይ አለመታደል! እውነቱን ሊናገር አፉን ከፍቶ የወጣው ይህ ነበር። ልጅቷ እጇን ከእጁ አወጣችና ቀድማው ሄደች።

በሚቀጥለው ሐሙስ ኳስ ሽሽት ገና ከመጀመሩ ልጅቷ ወደ መሀል መስመሩ ሄዳ ከግራኙ ፊት ቆመች። እጆቿን ወደ ታች ለቀቀቻቸው።

«ምታኝ» አለችው።

ልጁ ኳሱን እንደያዘ ወደኋላ አለ። «ቲቸር ይቆጣኛል።»

«አይቆጣም። አባዬ፣ አትቆጣም አይደል?»

«አልቆጣም» አለ መምህሩ። «ምታት።»

ልጁ አልተንቀሳቀሰም። 

«ምታት አልኩህ እኮ! ምን ሆነሃል? ምታት!»

ጩኸቱ ራሱንም አስደነገጠው። ግራኙ ኳሱን ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ አስቀመጠ፤ ኳስ ሳይነካው ሄዶ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ቀጥሎ አንዷ ተከተለችው። ከዚያ ሌላው። «የት ነው የምትሄዱት? ተመለሱ እንጂ!» አለ መምህሩ፤ ይባስ ብለው ተጣደፉ። ወንበሩ ሲሞላ የቀሩት ወለሉ ላይ ተደርድረው ቁጭ አሉ። ሠላሳ አራቱም ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

ልጅቷ በዚያ ሁሉ ሰፊ አዳራሽ መሀል ብቻዋን ቀረች። ግን አላለቀሰችም።

«አባዬ» አለች፣ «እባክህ አንድ ሰው ጥራልኝ።»

መምህሩ ፊሽካውን አፉ ውስጥ ከትቶ ቆመ። ማንን እንደሚጠራ አላወቀም።