የመምህር ዓለምነው ዋስትና

ትዕዛዙ ዕዳውን ሊከፍል መጥቶ ዕዳ የለብህም ተባለ። ሌላ ሰው ቢሆን እልል ይላል፤ እሱ ግን እንጅባራ፣ በመምህራን ኮሌጁ የሂሳብ ክፍል መስኮት ፊት ደርቆ ቀረ። በ2006 ዓ.ም. ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለ፣ መተከል ወርቅ እንደ እህል ይታፈሳል የሚል ወሬ ሰምቶ፣ ለማንም ሳይናገር የጠፋ ልጅ ነው። ያፈሰው ግን ወባ ነበር። አራት ዓመት ከጉድጓድ ጉድጓድ ሲል ከርሞ፣ ኮሌጁ ለምግቡና ለኪሱ ያወጣለትን የሚመልስበት ብር ሲቋጥር፣ የጀመርኩትን ልጨርስ ብሎ ተመለሰ።

“ዋስህ ከፍሎታል” አለችው የሂሳብ ሠራተኛዋ። “ከደመወዙ በየወሩ ሲቆረጥ ነበር። መማር ከፈለግህ አዲስ ውል ነው። ሳምንቱ ሳያልቅ ይህን ወረቀት ደመወዝ ያለው ዋስ አስፈርመህ ና።”

ዋሱ መምህር ዓለምነው ነበር፤ ጥሊሊ ላይ ስምንተኛ ክፍል ያስተማረው። የትዕዛዙ ዘመዶች ከአዘና ወዲያ ያሉ ገበሬዎች ናቸው፤ ደመወዝ የሚባለውን ነገር የሚያውቁት በወሬ ነው። እናቱ እሱ መተከል ሳለ ሞታለች። አብረውት የጀመሩት ልጆች ተመርቀው በየወረዳው አስተማሪ ሆነዋል። አንዱ ጋ ደወለ፤ ልጁ “ዋስ” የምትለዋን ቃል ሲሰማ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ኔትወርክም አንዳንዴ ሰዓቱን ያውቃል። ግቢው ውስጥ ሲመላለስ ተማሪዎቹ ሠራተኛ መስሏቸው “ጋሼ” እያሉ መንገድ ለቀቁለት። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ስሙን የሚጠራው አንድም አልነበረም።

ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይሉታል እንዲህ ያለውን ሰው። ጠጠሩ በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሮ ጥሊሊ ሄደ።

መምህሩን ያገኘው ጓሮ ተቀምጦ ልብሱን ራሱ ሲያጥብ ነው። ከስቷል። ተማሪውን ሲያየው አልደነገጠም፣ አልተቆጣምም፤ እጁን ከሳሙናው አራግፎ “ደህና ነህ?” አለው።

“እትዬ ውብአየሁስ?” ሲል ትዕዛዙ ስለ መምህሩ ሚስት ጠየቀ።

“ሄደች።”

የሆነው እንዲህ ነው። የውብአየሁ አባት ለሰው ዋስ ሆነው ጥማድ በሬያቸውን የተነጠቁ ሰው ናቸው። ስለዚህ ስትዳር ባሏን ያስማለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለማንም ዋስ እንዳይሆን። ዓለምነው ግን ጎበዝ ተማሪው ደጁ ቆሞ ሲለምነው ጨክኖ መመለስ አቃተው። ፈረመ፤ ለሚስቱም ሳይነግራት ቀረ። ልጁ ጠፍቶ ደመወዙ መጉደል ሲጀምር ውብአየሁ ጠየቀች። መሐላዬን አፈረስኩ ከማለት ዝም ማለት ቀለለው። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰውዬ መቼም ሚስት አልነበረችውም። ጎረቤት የጎደለውን ሞላና እንጅባራ ሌላ ሴት አስቀምጧል አለ። እሷም ልብሷን ሰብስባ ዳንግላ እህቷ ዘንድ ገባች።

ትዕዛዙ ይህን ሲሰማ እግሩ ላይ ወደቀ።

“ተነስ፣ ውሃው ያረጥብሃል” አለው መምህሩ።

ብሩን ቢዘረጋለት አልተቀበለውም። ይልቅ የውሉን ወረቀት ጠየቀው፤ እጁን በሱሪው አድርቆ፣ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ፈረመለት። ትዕዛዙ ለራሱ እንኳ እንዲህ ፈጥኖ አይፈርምም ነበር።

“አሁን ብሩን ያዝና ዳንግላ ሂድ። ለውብአየሁ ስጣት። ደመወዜ የት ይገባ እንደነበር ንገራት፤ ከእኔ አፍ ብትሰማው አታምነኝም።” ሳሙናውን መልሶ አነሳና ጨመረ፦ “ነገ ከሰዓት መናኸሪያው ላይ እጠብቃለሁ።”

ውብአየሁን ዳንግላ ገበያ ዳር፣ ትንሽ ሱቅ ውስጥ አገኛት። ጀርባዋ ላይ ሕፃን ተኝቷል። ትዕዛዙ ዓይኑን ከሕፃኑ ሳይነቅል የተላከበትን ተናገረ። እሷ ስኳር እየመዘነች እስከ መጨረሻው ሰማችው።

“ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ” አለች። አልጮኸችም። “አግብቻለሁ። ወልጃለሁ። አንድ ቀን ዋስ ሆኜ ነው ቢለኝ እኮ ሳምንት አኩርፌው ይወጣልኝ ነበር! ብሩን መልስለት። እኔን የጎደለኝ ብር አልነበረም።” ከዚያ ፊቷን አዙራ፣ ያላለቀሰውን ልጅ ታባብል ጀመር።

ትዕዛዙ በተመለሰ ጊዜ መምህር ዓለምነው ጥሊሊ መናኸሪያ ቆሞ ነበር። ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ ካራቫት አስሯል፣ ጫማው ተወልውሏል። አጠገቡ ለሻንጣ ብሎ የተከራየው ባጃጅ ይጠብቃል። ትዕዛዙ ወረደ። መምህሩ በትከሻው አሻግሮ የሚኒባሱን በር አየ። አንዲት ሴት ወረደች፤ እሷ አልነበረችም። ዶሮ ያቀፉ ሽማግሌ ተከተሉ። ከዚያ ረዳቱ በሩን ዘጋው።

“ነገርካት?”

“ነገርኳት፣ ጋሼ።”

“አመነችህ?”

“አመነችኝ። ግን...” ብሩን አውጥቶ በሁለት እጁ ያዘው።

መምህሩ ብሩን አየ፣ ገባው። “ካመነችስ ጥሩ ነው” አለ። ብሩን ተቀብሎ ሳያየው ኪሱ ከተተና ለባጃጁ ከፍሎ አሰናበተው። “ትምህርት መቼ ይጀመራል?”

“ሰኞ።”

“ዘንድሮ እንዳታቋርጥ።”

ይህንን ብሎ በእግሩ ወደ ቤቱ አዘገመ። ትዕዛዙ ወደ እንጅባራ የሚመልሰውን መኪና እየጠበቀ ከኋላው ሲያየው፣ መምህሩ መንገድ ላይ ቆም ብሎ ካራቫቱን ፈታ።